ስለ ሴቶች ልብስና ስለ ፍርዳችን

ሴት በጸሎት ጊዜ ራስዋን ትሸፍን ዘንድ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። እኔም አልነቅፈውም። ዳሩ ግን ልማዱን ይዘን እንዴት እንደምንፈርድ እንመርምር።

በብርድ ወራት አንዲት ሴት የሊማሊሞን ዳገት ወጥታ ደባርቅ ደረሰች፤ ራስዋንም ሳትሸፍን ወደ ጸሎታችን ገባች። እኔም በሰው ሁሉ ፊት ገሠጽኋት። እርስዋም ምንም ሳትመልስ ወጣች። ኋላ ግን በነጠላዋ የታመመ ልጅዋን ጠቅልላበት እንደ ነበረ ሰማሁ። በዚያው ቀን፥ ሚስቱን መደብደቡን መንደሩ ሁሉ የሚያውቀው ሰው በጋቢው ተከናንቦ በፊተኛው ስፍራ ተቀምጦ ነበር፤ እርሱን ግን አንዳች አላልሁትም።

ሐዋርያው ጳውሎስ በፊተኛው የቆሮንቶስ መልእክት በ11ኛው ምዕራፍ ስለ ሴት መሸፈን ብቻ አልተናገረም፤ ወንድም ሲጸልይ ራሱን እንዳይሸፍን አስተምሯል። እኛ ግን ካህኑ ጥምጥሙን ጠምጥሞ፥ ገበሬውም በስሜን ብርድ ተከናንቦ ሲጸልይ፥ «የአገር ልማድ ነው፤ ብርድም ነው» እንላለን። መልካም ነው። ታዲያ ለወንድ ምክንያት የሚፈልግ ልባችን በሴት ላይ ስለ ምን ይጠነክራል?

ምናልባት፥ «ሥርዓት ከቀረ ጨዋነት ይጠፋል» የሚል ይኖራል። ጨዋነትስ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ከሁለቱም ይፈለጋል። ጌታ በተራራው ስብከት ስለ ምኞት ሲያስተምር በደሉን በተመልካቹ ልብ አገኘው እንጂ በሴቲቱ ልብስ አላገኘውም።

ይህም የእኛ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ከተማ ራሳቸውን የሸፈኑ ሙስሊም ልጃገረዶች ስለ መሸፈናቸው ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከለከሉ፤ ፍርድ ቤትም ክልከላውን ለጊዜው አገደ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ግን በ35ኛው አንቀጽ ለሴቶች ከወንዶች ጋር እኩል መብት ሰጥቷል። በዚያ መሸፈን፥ በእኔ ዘንድ አለመሸፈን በደል ተባለ፤ በሁለቱም ስፍራ በደጅ የቀረችው ሴት ናት።

እንግዲህ የምትሸፈን እኅት በገዛ ፈቃድዋ ትሸፈን፤ ያልተሸፈነችውንም ከመገሠጻችን በፊት ነጠላዋ ወዴት እንዳለ እንጠይቅ።