የጎንዶኮሮ ምሽግና የባሪ ሰዎች ጎተራ

ከካርቱም በነጭ ዓባይ ሽቅብ የሚወጣ ጀልባ ጁባ አካባቢ ሲደርስ ጉዞው ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ወንዙ በድንጋይ ላይ እየተንደረደረ ስለሚወርድ አያስኬድም። ስለዚህ ከጁባ ጥቂት ዝቅ ብላ በምሥራቁ ዳርቻ የምትገኘውን ጎንዶኮሮን የያዘ፣ ወደ ታላላቆቹ ሐይቆች የሚያስገባውን በር ያዘ ማለት ነው። ይህን ያስተዋለው የግብፁ ገዥ ኢስማዒል፣ ሳሙኤል ቤከር የተባለ እንግሊዛዊ በፓሻ ማዕረግ ለአራት ዓመት ቀጥሮ ላከ። ይኸው ኢስማዒል ነው ወዲያው ከረንን አስይዞ፣ ኋላም ጉንደትና ጉራ ላይ ከአፄ ዮሐንስ ጋር የተዋጋው።

በር ላይ ምሽግ መሥራት የኢስማዒል የበላይ ለነበሩት ለኦቶማኖች አዲስ አልነበረም። ሱልጣን ዳግማዊ መሕመድ እ.ኤ.አ. በ1452 በቦስፎር ሰርጥ ዳር ሩሜሊ ሒሳርን ሲገነባ፣ መድፎቹ 700 ሜትር የማይሞላውን ውኃ ከዳር እስከ ዳር ይመቱ ነበር። አልቆምም ያለ የቬኒስ መርከብም በዚያው ዓመት ሰጠመ። ታዲያ ያ ምሽግ ብቻውን አልቆመም። ማዶ ቅድመ አያቱ ባየዚድ ያሠሩት ሌላ ምሽግ ነበር፤ ከኋላው ደግሞ መዲናው ኤዲርኔ።

ቤከር ከኋላው የነበረው ረግረግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1870 የወንዙ ሣርና ደንገል መንገድ ዘግቶበት ተመለሰ፤ በማግሥቱ ዓመት በቁፋሮ አልፎ ጎንዶኮሮ ደረሰ። ሜይ 26 ቀን 1871 ሰንደቅ አቁሞ፣ ወታደሩን አሰልፎ፣ አገሩን ለኢስማዒል አደረገ፤ ቦታውንም ኢስማዒሊያ ብሎ ሰየመው። የአካባቢው ነዋሪዎች የባሪ ሰዎች ግን ከብት አንሸጥም አሉ። ከካርቱም የመጡት የዝሆን ጥርስና የባሪያ ነጋዴዎች ቀድመው ወዳጅ አድርገዋቸው ነበርና፣ ይህን እንግዳ የሚሹበት ምክንያት አልነበራቸውም።

መድፍ ወንዝ ይጠብቃል፤ ማሽላ አያበቅልም። የባሪ ጎተራ ከእንጨት የተሸመነ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ የቆመ፣ የሣር ክዳን የደፋ ነው፤ ምሽጉ የሚያድረው በዚያ ውስጥ ባለው እህል ነበር። በኦክቶበር መኮንኖቹ እህል አልቋልና ወደ ካርቱም እንመለስ የሚል ደብዳቤ ፈርመው አቀረቡ። ቤከር በነጋታው ወጥቶ ከምሽጉ በላይ ባሉት ደሴቶች ብዙ ማሽላ አገኘና አፋቸውን አስያዘ። ያገኘው ግን የሌላ ሰው ማሽላ ነው። ሲዘርፍ ጠላት በዛ፣ ጠላት ሲበዛ የሚሸጥለት ጠፋ፤ የባሪያን ንግድ ላጠፋ መጣሁ የሚል ሰው በነጋዴዎቹ መንገድ ይኖር ጀመር። የክብር ዘበኞቹም ቅጽል ስም «አርባዎቹ ሌቦች» ነበር፤ ያወጣላቸው ሰው ቀልዶ ይሆናል፣ ባሪዎቹን ግን አያስቅም።

እ.ኤ.አ. በ1874 ቤከርን የተካው ጎርደን ቦታው ለጤና አይስማማም ብሎ ዋናውን ጣቢያ ወደ ላዶ አዛወረ። ይህ የጤናውን ጣጣ እንጂ የስንቁን አልፈታም። በ1885 ካርቱም በግብፅ ላይ ባመፀው በመሕዲ እጅ ስትወድቅ፣ የላዶው ገዥ ኤሚን ፓሻ መርከብም ባንዲራም እያለው ከዓለም ተቆርጦ ቀረ፤ ወደ ደቡብ ወደ ዋደላይ ሸሸ። በ1888 የመሕዲ ተከታዮች ጁባ አጠገብ ያለውን ረጃፍን ሲይዙ የመጡት በዚያው ወንዝ፣ ከራሱ ከግብፅ መንግሥት በማረኳቸው የእንፋሎት መርከቦች ነበር።