ለወጣት ቤተ ሰብ የሚሠራ የከተማ ቤት ልኩ በማን ነው?

ቤት የሚለው ቃል በቋንቋችን ግድግዳውንና ጣራውን ብቻ የሚያሳይ አይደለም። ቤተ ሰብ ስንል የቤት ሰው ማለታችን ነው፤ ቤቱ ተፈታ ስንልም ድንጋዩ ወደቀ ማለታችን አይደለም። ስለዚህ ቤት መሥራት የብረትና የሲሚንቶ ነገር ብቻ የሚመስለው ሰው ከጉዳዩ እኩሌታውን ሳያይ ይቀራል።

ዛሬ በአዲስ አበባ አዲስ ያገቡ ወጣቶች ጎጆ ሲወጡ ጎጆአቸው ብዙውን ጊዜ በፎቅ ላይ ነው። በ1996 ዓ.ም. ገደማ በቦሌ ገርጂ ለሙከራ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ሥራ ከዚያ ወዲህ ጀሞን፥ የካ አባዶን፥ ኮዬ ፈጬን የመሰሉ ሰፊ ሰፈሮችን አቁሟል። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ 10/90፥ 20/80 እና 40/60 በሚባለው አከፋፈል ብዙ ሕዝብ ተመዝግቦ ዕጣውን ሲጠባበቅ ኖረ። ከዕጣውም ከመቶ 30ው ለሴቶች እንዲለይ መደረጉ የተመሰገነ ሥርዓት ነው። ነገር ግን በመዝገቡ ያልተጻፈ፥ ዕጣ የማይወጣለት፥ ፕላኑም ሲነደፍ አሳቡን የማይጠየቅ አንድ ነዋሪ አለ፤ እርሱም ሕፃኑ ነው። አባት ጧት ወጥቶ ማታ ይገባል፤ እናትም ሥራ ካላት እንዲሁ ናት፤ ሕፃኑ ግን ቀኑን ሙሉ በዚያው ይውላል። በቤቱ ከሁሉ አብልጦ ለሚኖርበት ሰው ከሁሉ አሳንሶ ማሰብ ትክክል ፍርድ ነውን?

በኦሪት ዘዳግም በ22ኛው ምዕራፍ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል፤ ሰው ከዚያ ወድቆ ቢሞት ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ነው። ይህን ሕግ ስናስተውለው ዕዳውን ያኖረው በወደቀው ላይ አይደለም፤ ልጅሽን ስለምን አልጠበቅሽም ብሎ በእናቲቱም ላይ አይደለም፤ ቤቱን በሠራው ላይ ነው፤ ያውም ገና ማንም ሳይወድቅ። በእኛ ዘመን ግን ልጅ ከደረጃ ቢወድቅ ጎረቤቱ ሁሉ ስለ እናቲቱ ቸልታ ይናገራል እንጂ የመደገፊያውን ብረት አራርቆ ስለ ተከለው ሰው የሚያነሣ የለም። በብዙ አገር የበረንዳ ብረት እርስ በርሱ ከ10 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ርቀት እንዲኖረው የሚደረገው የሕፃን አካል እንዳያልፍበት ነው። ብረቱም ቁመቱን ይቆማል እንጂ አግድም አይዘረጋም፤ አግድም የተዘረጋ ብረት ለልጅ መሰላል ነውና። ይህ ሁሉ ወጪው ትንሽ ነው፤ የሚጠይቀው አስቀድሞ ማሰብን ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የከፍታው ነገር ነው። ያን ጌል የሚባለው የዴንማርክ መሐንዲስ፥ ከአምስተኛው ፎቅ በላይ የተቀመጠ ሰው በምድር ካሉት ጋራ በዐይንም በድምፅም መገናኘት እንደሚያቅተው ጽፏል። የቀደሙት ኮንዶሚኒየሞች ሊፍት ስላልተደረገላቸው የብዙዎቹ ከፍታ ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ ነው። ይህ የተደረገው ለወጪው ቅናሽ ነው፤ ሆኖም ሳይታሰብ ለእናቶች ጠቀመ፤ አራተኛው ላይ ያለችውም ብትሆን በመስኮት ብቅ ብላ ልጇን በስሙ ልትጠራው ትችላለችና። እርግጥ ነው፥ ልጅ አዝላ፥ ውሃ በጠፋበት ቀን ደግሞ ጀሪካን ይዛ ያንን ሁሉ ደረጃ ለምትወጣዋ ሴት ይህ ምስጋና ቀልድ ይመስላታል፤ እውነትም አላት። በኋላ የመጡት የ40/60 ሕንፃዎች ሊፍት አግኝተው እጅግ ከፍ አሉ። ሊፍት ግን ሰውን ያወጣል እንጂ የእናትን ድምፅ አያወርድም። ስለዚህ ረጅም ሕንፃ መሥራት ግድ ቢሆን፥ ታችኞቹ ፎቆች ልጅ ላላቸው፥ ላይኞቹ ለላጤዎች ቢሆኑ ምን ይከፋ ነበር? ዕጣ ግን ይህን አይለይም።

በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና፥ ሴቶች መሐንዲሶች የነደፉት 357 መኖሪያ ያለው ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1997 ተፈጽሟል። በዚያ ምግብ የምትሠራ እናት ልጆች የሚጫወቱበትን ግቢ ከወጥ ቤቷ ታያለች፤ የልጅ ጋሪ የሚቀመጥበት ስፍራ በየፎቁ አለ፤ መዋዕለ ሕፃናቱም በዚያው በሰፈሩ ውስጥ ነው። በዚህ ውስጥ ጥበብ የሚያሰኝ ረቂቅ ነገር የለም፤ ነዳፊዎቹ ልጅ ያለው ቤት ቀኑ እንዴት እንደሚውል ማወቃቸው ብቻ ነው።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ፥ መጠለያ ላጣ ሕዝብ አስቀድሞ ጣራ ይሰጠው፤ ስለ መስኮት አቅጣጫ መከራከር የጠገበ ሰው ነገር ነው ይላል። ይህ ክርክር ቀላል አይደለም። ሦስት መኝታ ቤት ለሁሉ ይሰጥ ብንል ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ከሚሠራው ቁጥር ላይ ተቀንሶ ሌላው ቤተ ሰብ በኪራይ ሲንከራተት ይቀራል። ነገር ግን ጥበትና አለማሰብ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ መወድስ ስምንት ቤት አለው። ይሁን እንጂ ጉባኤ ቃናን ስለ ማነሱ የሚነቅፈው መምህር የለም፤ የሚነቀፈው ቤቱን ቆጥሮ ምሥጢር ያላገባው ተማሪ ነው። ባለ አንድ መኝታ ቤትም እንዲሁ ጥበቱ ብቻውን አያስነቅፈውም፤ የሚያስነቅፈው በሩ ሲከፈት አልጋውን የሚመታ፥ የወጡ ጢስ በተኛው ሕፃን ላይ የሚሄድ፥ ለእህል ማስቀመጫ አንዲት ጓዳ ያልተተወለት እንደ ሆነ ነው።

በዚያውም ላይ የአገራችን ባልና ሚስት ሁለት ብቻ ሆነው አይኖሩም። ሚስቲቱ ስትወልድ እናቷ ከአገር ቤት ትመጣለች፤ ገንፎ ይገነፋል፤ ጠያቂው ይመላለሳል፤ ወንዱ በ40፥ ሴቲቱ በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ ድግስ አለ። አሮጊቲቱ ወራት ትቆያለች፤ የምትተኛው ወዴት ነው? ፕላኑ ሳሎን የሚለው ስፍራ በቀን መተላለፊያ፥ በማታ የቴሌቪዥን ቤት፥ በሌሊት የአያት መኝታ ሲሆን ይታያል። የአባቶቻችን ቤት ለዚህ መልስ ነበረው፤ ከግድግዳው ጋራ የተሠራው መደብ ቀን መቀመጫ፥ ሌሊት መኝታ ነበር። በሳሎኑ አንድ ጎን ሰፋ ያለ፥ ከሥሩ ዕቃ የሚያስገባ መደብ ከነመጋረጃው ቢሠራ ወጪው ስንት ይሆናል? ይህን ማቃለል አይገባም። ልጅ በአያት እጅ የሚያድግበት አገር ለአያት ስፍራ የሌለው ቤት ሲሠራ፥ የልጁን አሳዳጊ ከቤት አስወጣ ማለት ነው።

የኮንዶሚኒየሙ ነዳፊዎች ባህሉን ፈጽሞ አላሰቡም ማለት ግን ሐሰት ነው። በየሰፈሩ ለከብት ማረጃ፥ ለልብስ ማጠቢያ፥ ለእንጀራ መጋገሪያ የሚሆን የጋራ ቤት እንዲሠራ አድርገዋል፤ ይህን ያሰበ ሰው ሊመሰገን ይገባዋል። የቀረው ነገር ስፍራው ነው። በአራተኛው ፎቅ ያለች እናት ሕፃኑን ለብቻው ትታ እንጀራ ልትጋግር ከሕንፃው ርቃ አትሄድም። የጋራው ቤት ልጆች ከሚጫወቱበት ግቢ አጠገብ ቢሆን ኖሮ፥ የምትጋግረውም የምታጥበውም የሁሉን ልጆች ባንድነት በጠበቀች ነበር።

ግቢው ራሱ ግን ወዴት ሄደ? በሕንፃና በሕንፃ መካከል ለነዋሪው የተተወው ሜዳ በብዙ ስፍራ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። ለዚህ መሐንዲስ መጠበቅ አያስፈልግም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370 የጋራ የሆነውን ስፍራ የባለቤቶቹ ሁሉ የጋራ ሀብት አድርጎታል፤ የሚያስተዳድረውም ማኅበራቸው ነው። ማኅበሩ በሚቀጥለው ስብሰባ ስለ ጥበቃው ደመወዝና ስለ ደረጃው መብራት ተነጋግሮ ሲያበቃ፥ ትምህርት ቤት ከተለቀቀበት ሰዓት እስከ ምሽት በመግቢያው በኩል ያለው ሜዳ ከመኪና ነፃ ይሁን ብሎ ሊወስን ይችላል። የሚያስፈልገው ሦስት የብረት ምሰሶ፥ አንድ ሰንሰለትና ቁልፉን የሚይዝ አንድ ሽማግሌ ነው።