ለማይናገር ተማሪ መምህር ሲመረጥ

በአሜሪካ የፈረስ መሰናክል ዝላይ ከጆርጅ ሞሪስ የበለጠ የሚፈለግ መምህር ለረጅም ዘመን አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም ኦሊምፒክ ከቡድኑ ጋር የብር ሜዳሊያ አጥልቋል። በ1971 ያሳተመው የግልቢያ መጽሐፍ ትውልድ ተምሮበታል። በ2008ቱ የቤጂንግ ኦሊምፒክ ደግሞ የአሜሪካን ቡድን መርቶ ለወርቅ አብቅቷል። ለጥቂት ቀን ሥልጠና እሱን ያስመጣ ክለብ ሌላ ማስታወቂያ አያስፈልገውም ነበር። በ2019 ግን የአሜሪካ ሴፍስፖርት ማዕከል በአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን በሚመለከት የወሲብ ጥፋት ከስፖርቱ ለዘለቄታው አገደው። ሞሪስ ጥፋቱን አላመነም፣ ይግባኝም ጠይቋል፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ግን እገዳው ጸና።

ከአምስት ዓመት በኋላ ሌላ ታላቅ ስም ወደቀ። ሦስት የኦሊምፒክ ወርቅ ያላት እንግሊዛዊቷ ሻርሎት ዱጃርዲን የፓሪስ ኦሊምፒክ ሊከፈት ቀናት ሲቀሩት ራሷን ከውድድሩ አገለለች። ምክንያቱ የፈረስን እግር በረጅም አለንጋ ደጋግማ ስትመታ የሚያሳይ ቪዲዮ ነው። የእሷ ዘርፍ መሰናክል ዝላይ ሳይሆን ፈረሱ የተለካ እንቅስቃሴ የሚያሳይበት ድሬሳዥ ነው፤ ነገሩ ግን እዚህ ላይ አይለያይም። በቪዲዮው ውስጥ ዱጃርዲን እየተወዳደረች አልነበረም። ሌላ ጋላቢ እያሠለጠነች ነበር። የዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን አንድ ዓመት አገዳት፣ 10,000 የስዊስ ፍራንክም ቀጣት።

ሁለቱም ሰዎች የሚያሠለጥኑትን ነገር ያውቁ ነበር፤ በዚህ የሚጠራጠር የለም። ጥያቄው ሌላ ነው። አንድ ክለብ ወይም አንድ ባለ ፈረስ «ከሁሉ የላቀውን እናምጣ» ብሎ ሲነሣ ልቀቱን የሚለካው በምንድን ነው? ለመረጠውስ ሰው ተጠያቂው ማን ነው?

ለጅዳ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ሳዑዲ ዓረቢያ በመሰናክል ዝላይ ስሟ የታወቀ አገር ናት። ኻሊድ አል ዒድ በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ ነሐስ አምጥቷል። ዐብደላ ሸርበትሊ በ2010 በኬንታኪ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና በግል የብር ሜዳሊያ አግኝቷል፤ በዚያው ዓመት ዳልማ ማልሐስ በሲንጋፖር የወጣቶች ኦሊምፒክ ነሐስ አጥልቃለች። በ2012 በለንደን ደግሞ የሳዑዲ ቡድን ለነሐስ በቅቷል። በ2024 የዓለም ዋንጫው ፍጻሜ ራሱ ሪያድ ላይ ተካሂዶ ስዊድናዊው ሄንሪክ ፎን ኤከርማን አሸንፏል። ስፖርቱ እንዲህ ባደገበት አገር ትልቅ ስም መጥራት አይከብድም። ገንዘቡ አለ፣ ፈረሱ አለ፣ ፈላጊውም አለ። የሚከብደው ከዚያ በፊት ያለው ነው፤ ማንን እንደሚጠሩ ማወቅ።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በኖሩባት የጅዳ ሰፈር በኒ ማሊክ ለፈረስ አሠልጣኝ የሚፈልግ ሰው ብዙ ላይገኝ ይችላል። ልጁን የሚያቀራለት ኡስታዝ የሚፈልግ ወላጅ ግን አለ፤ የእሱም ጭንቀት ከዚሁ ጭንቀት አይለይም። ትልቁ የቀደምት ዓሊም ሙሐመድ ኢብኑ ሲሪን ዕውቀት ሃይማኖት ስለሆነ ከማን እንደምትወስዱት ተጠንቀቁ ማለታቸው ይታወቃል። የኢማም ማሊክ እናት ልጃቸውን ጥምጥም ጠምጥመው ወደ መምህሩ ረቢዓ ሲልኩ ከዕውቀቱ በፊት አደቡን ተማር ብለው እንደላኩት ይተረካል። እኚህ እናት የረቢዓን ዕውቀት አልናቁም፤ ዕውቀቱ ባይኖር ልጃቸውን ባልላኩ ነበር። ይሁንና ልጁ መምህሩ የሚናገረውን ብቻ ሳይሆን የሚቆጣበትን፣ የሚታገሥበትንና ዝም የሚልበትን ጭምር ይዞ እንደሚመለስ ገብቷቸዋል።

በአገር ቤት ይህን የመምረጥ ጥበብ የሚያውቀው ተማሪው ራሱ ነው። የወሎ ደረሳ ለነሕው (ለዐረብኛ ሰዋስው) የሚሄድበት ሼኽ ሌላ፣ ለፊቅህ (ለሃይማኖቱ ሕግ) የሚሄድበት ሌላ ነው። የቆሎ ተማሪም ለቅኔ ዋሸራን፣ ለድጓ ቤተልሔምን፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አባን ብሎ ደበሎውን ለብሶ አገር ያቋርጣል። በየመንገዱ ከሌሎች ተማሪዎች ይጠይቃል፦ የኔታ እንዴት ናቸው? ሲያስተካክሉ ይሳደባሉ? የዘገየውን ይጠብቃሉ? ዝና የሚጓዘው በተማሪ አፍ ነውና የመምህሩ መልክ ሳይደርሱበት ይታወቃል። ደርሶ ካልተስማማው ደግሞ ኪታቡን ወይም አኩፋዳውን ይዞ ወደ ሌላው ይሻገራል።

ከዚህ ልማድ የተገኘ አንድ ሰው ሥራው መካ ላይ ታይቷል። ሼኽ ሙሐመድ ዐሊ አደም የወሎ ሰው ናቸው። በመካ ዳሩል ሐዲስ አስተምረዋል፤ በሐዲስ መጻሕፍቱ በሱነን አን-ነሳኢና በሶሒሕ ሙስሊም ላይ እያንዳንዳቸው በአርባ ቅጽና ከዚያ በላይ የሚቆጠሩ ማብራሪያዎችን ጽፈዋል፤ በ2020 እዚያው መካ አርፈዋል። የጻፉት መጠን ብቻውን ለዝና በበቃ ነበር። እሳቸው ግን ሕይወታቸውን ሙሉ ከማስተማር አልተለዩም፤ ተማሪ በቃሉ እንዲይዘው ብለውም ዕውቀቱን በግጥም አሳጥረው አዘጋጅተዋል። ትልቅ ዓሊም ለጀማሪ ብሎ ሲቀመጥና ሲያሳጥር ማየት ስለ መምህርነት ብዙ ይናገራል።

የሦስት ቀን የግልቢያ ሥልጠና ግን ይህን ሁሉ ይገለብጠዋል። ተማሪው ወደ መምህሩ አይሄድም፤ መምህሩ በአውሮፕላን ይመጣል። ደረሳው በወራት የሚያየውን ጋላቢው ለማየት ጊዜ የለውም፤ ጠባዩን ሲያውቅ ሥልጠናው አልቋል። ስለዚህ ሌሎች ማየት የሚገባቸውን ቀድሞ ማየት ያለበት ጋባዡ ነው። በእስልምናም ሆነ በክርስትና ለሌላው የሚመርጥ ሰው ለራሱ ከሚመርጥ ሰው የከበደ አደራ አለበት። ለራሱ የመረጠ ቢሳሳት ጉዳቱ የራሱ ነው። ለሌላው የመረጠ ግን የሰውን ልጅና የሰውን ፈረስ አሳልፎ ሰጥቷል።

ፈረሱ ደግሞ ከሁሉም ይለያል። አልመረጠም፣ አልተመዘገበም፣ «ደከመኝ» አይልም። ቁርኣን መቶኛ ሱራው ላይ በሚሮጡ ፈረሶች ይምላል። ነቢዩ ሙሐመድ በአንድ የአንሷር ሰው አትክልት ውስጥ ዓይኑ ያለቀሰ ግመል አግኝተው ባለቤቱን ጠርተው ስለ ረሃቡና ስለ ድካሙ እንደወቀሱት አቡ ዳውድ ዘግቧል። በ13ኛው መቶ ዘመን የኖሩት ዓሊም ዒዝዙዲን ኢብኑ ዐብዲስሰላም እንስሳ በባለቤቱ ላይ ያለውን መብት በዝርዝር አስፍረዋል፤ ከአቅም በላይ አለማሸከም አንዱ ነው። እንግዲህ ሃይማኖቱ ለእንስሳው መብት ከሰጠ መብቱን የሚጠይቅለት ሰው ያስፈልጋል። በልምምድ ሜዳ ላይ ያ ሰው ማን ይሁን?

በዚህ ላይ ከሐዲስ መዛግብት አንድ ታሪክ ልብ ያሻል። ነቢዩ መዲና ላይ የፈረስ እሽቅድምድም ሲያደርጉ ሁሉንም በአንድ መስመር አላቆሙም። ለውድድር የተገሩትና የከሱት ፈረሶች ከሐፍያ እስከ ሠኒየተል ወዳዕ ሮጡ፤ ያልተገሩት ከሠኒያው እስከ በኒ ዙረይቅ መስጊድ ብቻ። ዘጋቢዎቹ የመጀመሪያውን አምስት ወይም ስድስት ማይል፣ ሁለተኛውን አንድ ማይል ገደማ ይሉታል። ርቀቱን የወሰነው የፈረሱ ዝግጅት ነው። የባለቤቱ ክብርም ሆነ የተመልካቹ ጉጉት ቦታ አልነበረውም።

ዛሬ በመሰናክል ሜዳ ላይ ይኸው ውሳኔ በሴንቲሜትር ይደረጋል። አሠልጣኙ በተከታታይ የሚዘለሉ ሁለት አጥሮች ይተክላል፤ በመካከላቸው ፈረሱ አንድ እርምጃ ብቻ እንዲወስድ ርቀቱን ሰባት ሜትር ከጥቂት ያደርገዋል። ትልቅና ደልደል ያለ ፈረስ ይህን ሳይታገል ይሸፍነዋል። እርምጃው አጭር የሆነ ወይም የጅዳ ሙቀት ያደከመው ፈረስ ግን ሁለተኛው አጥር ይርቅበታል፤ ወይ ከሩቅ ይወረወራል፣ ወይ አግዳሚውን በእግሩ ያንኳኳል፣ ወይ ጋማውን ነቅንቆ ይቆማል። በዚያች ደቂቃ የአሠልጣኙ ማንነት ይታያል። አንዱ ከአጥሩ ዳር ሆኖ «ተረከዝሽን ስጪው! አለንጋ!» ይላል። ሌላው ወደ ሜዳው ይገባል፣ ርቀቱን በእግሩ ይለካል፣ አግዳሚውን ግማሽ እርምጃ ይስባል፣ ከፍታውንም አንድ ቀዳዳ ያወርዳል። ፈረሱ ሲዘል ጋላቢዋ ያለ ጩኸት ትማራለች፤ ከእሷ ይልቅ የተማረው ግን ፈረሱ ነው፤ ሰው የጠየቀው ነገር የሚቻል መሆኑን ተምሯልና።

መምህር የሚመርጥ ሰው ማየት ያለበት ይህችን ግማሽ እርምጃ ነው። ለዚህ የውድድር ቪዲዮ አይረዳም፤ አሠልጣኙ በሌላ ከተማ ተራ ጋላቢዎችን ሲያስተምር ሄዶ መቀመጥ ያስፈልጋል። ከሁሉም ቡድን የደካሞቹን ሰዓት መምረጥ ይበጃል። አንድ ሜትር ሠላሳ የሚዘሉት ጎበዞች ዘንድ ማንም መምህር ደግ ነው።

አንዳንዱ ይህን ሲሰማ «እንግዲያው ደግ ሰው ይበቃል» ሊል ይችላል። አይበቃም። ሕክምና የማያውቅ ሰው አክሞ ጉዳት ቢያደርስ ተጠያቂ እንደሆነ ሐዲስ አለ፤ ርቀት መለካት የማያውቅ ደግ አሠልጣኝም ልጅ ከፈረስ ላይ ይጥላል። ዕውቀት የሌለው ሰው ከመጀመሪያው ዝርዝር ውስጥ መግባት የለበትም። ሆኖም ዕውቀትን በሜዳሊያ ብቻ መለካት አደገኛ ነው። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም የሚለው አባባል እዚህ ቢገለበጥ ያስኬዳል፤ በስፖርቱ ብዙ ሰው ፈረሱ ተዋግቶለት አሸንፏል። ብርቅ ፈረስ ያላገኙ፣ ግን አስቸጋሪውን ፈረስ በዓመታት ትዕግሥት ለወግ ያበቁ አሠልጣኞች አሉ። የዘመናዊው ዝላይ አባት የሚባለው ጣሊያናዊው መኮንን ፌዴሪኮ ካፕሪሊ ታላቅ የሆነው ፈረሶች ያለ ጋላቢ ሲዘሉ ቁጭ ብሎ አይቶ ነው። እነሱ ሲዘሉ አንገታቸውን እንደሚዘረጉ አስተዋለ፤ ጋላቢው ወደ ኋላ መጋደሙንና ልጓም መሳቡን ትቶ ወደ ፊት እንዲከተላቸው አደረገ። በ1907 ሲሞት ገና አርባ ዓመት አልሞላውም፤ ዛሬ በዓለም ላይ የሚዘል ጋላቢ ሁሉ የእሱ ተማሪ ነው።

በአዊ ዞን ይህ ፍተሻ ከጥንት በአደባባይ ይደረጋል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር ላይ እንጅባራ ሲሰባሰብ ሽማግሌው፣ ልጁና ሴቱ ዓይናቸውን ፈረሱ ላይ ይጥላሉ። በአለንጋ የተገራ ፈረስና በእጅ የተገራ ፈረስ በሜዳው ላይ ይለያሉ፤ ባለቤቱ ምንም ቢናገር ፈረሱ ይመሰክርበታል። ያ ሁሉ ሕዝብ ዳኛ ነው።

ለጥቂት ቀን የሚጠራ አሠልጣኝ ዘንድ ይህ ዳኛ የለም። በዓለም አቀፍ ውድድሮች የፌዴሬሽኑ ተቆጣጣሪዎች የመለማመጃውን ሜዳ ይጠብቃሉ፤ ሥልጠና ላይ ግን ብዙ ጊዜ ያለው ትልቁ ስም፣ የከፈሉት ጋላቢዎችና ያፈሩት ጋባዦች ብቻ ናቸው። ተማሪ ሊናገር ያፍራል፤ ጋባዡም እንግዳውን ማስቀየም አይወድም። ስለዚህ ጋባዡ ከመጀመሪያው ቀን በፊት አንድ ሰው መሾም አለበት፤ «ይህ ፈረስ ለዛሬ በቃው» ሲል ማንም፣ የኦሊምፒክ አሸናፊው ጭምር፣ የማይከራከረው ሰው። ለዚህ የሚበቃው አብዛኛውን ጊዜ ፈረሱን በየቀኑ የሚያበላው፣ የሚያጥበውና ከሥልጠናው በኋላ እግሩን በእጁ ዳስሶ ሙቀት የሚፈልገው ጠባቂ ነው። በጅዳ ጋጣዎች እንዲህ ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ ስሙ ከማስታወቂያው ላይ የማይሰፍር ባዕድ ሠራተኛ ነው፤ ምናልባት ሱዳናዊ፣ ፓኪስታናዊ ወይም አበሻ። ሥልጣኑ በውሉ ላይ በጽሑፍ ይስፈርለት፤ አሠልጣኙም ከመፈረሙ በፊት ያንብበው። አንብቦ የሚቆጣ ካለ ጋባዡ የፈለገውን መልስ አግኝቷል፤ የአውሮፕላን ትኬቱንም ገና አልገዛም።