እጅ ወይስ ምላስ?

ፈቃድ ምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቅ ሰው፥ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ ሻይ ሲጠጡ ከማየት የተሻለ መነሻ የለም። ብርጭቆውን ማንሳት ይፈልጋሉ፤ እጃቸው ግን እሺ አይላቸውም። ዲስቶኒያ በሚባለው ሕመም ደግሞ ጡንቻ በገዛ ራሱ ይኮማተራል፤ አንገት ወደ ጎን ይዞራል፥ እግር ይጠማዘዛል፤ ባለቤቱ ግን አላዘዘውም።

ለዚህ ከተገኙት ሕክምናዎች አንዱ ወደ አንጎል ጥልቅ ሥፍራ ኤሌክትሪክ መላክ ነው። ድሮ ሐኪሞች፥ መድኃኒት እምቢ ላለው መንቀጥቀጥ፥ ታላመስ ከሚባለው የአንጎል ክፍል ጥቂቱን ያቃጥሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 በፈረንሳይ አገር በግረኖብል ከተማ፥ አሊም ሉዊ ቤናቢድ የሚባሉ ቀዶ ሐኪም የሚያቃጥሉትን ሥፍራ በኤሌክትሪክ ሲፈትሹ፥ ምቱ በሴኮንድ ወደ 100 ሲደርስ መንቀጥቀጡ ቀጥ አለ። ታዲያ ማቃጠሉ ቀርቶ ሽቦው እዚያው ቢቀመጥስ? ዛሬ ሽቦው ከራስ ቅል በቆዳ ሥር ወርዶ ደረት ላይ ከተቀበረ ባትሪ ጋር ይገናኛል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 ለመንቀጥቀጥ፥ በ2003 ለዲስቶኒያ ፈቀደችው። መንቀጥቀጥ ወዲያው ይቀንሳል፤ ዲስቶኒያ ሳምንታትና ወራት ይፈጃል። ሕመሙን ከሥሩ አያድንም፤ ሲያጠፉት ይመለሳል።

በባትሪ የረጋ እጅ የራስ እጅ ነው ወይ ብለን ተከራክረናል። መቼስ ክርክር አይጠላም፤ ግን ይህ ቀላሉ ጥያቄ ነው። ባለ መነጽሩን «ያየኸው አንተ አይደለህም» የሚለው የለም። የሚከብደው ሌላ ነው። ኤሌክትሪኩ ሲበረታ ወይም ወደ ጎረቤት ሥፍራ ሲደርስ፥ የአንዳንዱ ሰው አነጋገር ይኮላተፋል። እጁ ይረጋል፥ ምላሱ ይተሳሰራል።

እዚህ አፋር ምድር ዳጉ አለ። መንገደኞች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ስለ ዝናቡ፥ ስለ ግጦሹ፥ ስለ ከብቱ፥ ስለ ሰላሙ ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ፤ አዛብቶ ማቀበል ነውር ነው። ለአዲስ አበባ ጸሐፊ እጅ ይበልጥ ይሆናል። ዳጉ ለሚያቀብል አርብቶ አደር ግን ምላሱ ክብሩ ነው። ግመሏን ልጁ ያልብለታል፤ ቃሉን ማን ይተካለታል? እንግዲህ ሐኪሙ የእጁን መንቀጥቀጥ ለክቶ «ተሳክቷል» ቢል፥ የተሳካው ለማን ነው?

የተቃጠለ አይመለስም፤ ኤሌክትሪክ ግን ይጨመራል፥ ይቀነሳል። በሽተኛው «እጄ ትንሽ ይንቀጥቀጥ፥ ንግግሬን መልሱልኝ» ማለት ይችላል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ቃሉ ይሰማል ማለት ነው። እኛን ከማሽኑ ረቂቅነት ይልቅ የማረከን ይኸው ነው።

ነገር ግን መጠኑን የሚያስተካክል የነርቭ ሐኪም ያስፈልጋል፥ ያውም ደጋግሞ። በአገራችን የነርቭ ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከአዋሽ ሰባት ኪሎ አዲስ አበባ ከ200 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ በማለዳ የተነሣ በዕለቱ ይደርሳል። ከሠመራ ግን ወደ 600 ይጠጋል። ቻርጅ የማይደረገው ባትሪ ደግሞ በጥቂት ዓመታት ያልቅና በቀዶ ሕክምና ይለወጣል።

ከመካከላችን አንዱ «እንግዲያው ለሩቅ ሰው ባይሰጥ ይሻላል» አለ። ኧረ ተው! ሩቅ መወለድ ጥፋት ነው እንዴ? ቢሆንም ጭንቀቱን አንንቅበትም። የሚያስተካክለው ሰው 600 ኪሎ ሜትር ርቆ ሲቀመጥ፥ ይቀነሳል ይጨመራል የተባለው ሕክምና ለሠመራው ሰው ከማቃጠል በምን ይለያል? ስለዚህ ሽቦው ሳይገባ ሁለት ነገር ይጠየቅ እንላለን። አንዱን ሽማግሌው ይመልሱ፤ እጅና ምላስ ቢጣሉ የቱን ይመርጣሉ? ሁለተኛውን የሚመልሱት ሐኪሙና ከሐኪሙ በላይ ያሉት ናቸው፤ ሐሳባቸውን ቢለውጡ ማን ያስተካክልላቸዋል? በሌላ አገር ሐኪሙ በኢንተርኔት ከሩቅ የሚያስተካክለው መሣሪያ ወጥቷል፤ ኢንተርኔቱም ሠመራ ደርሷል።