አራስ ብቻዋን አትተውም

ነይ ተቀመጪ ልጄ፤ ቡናው እስኪፈላ ጥቂት ላውጋሽ። ምደባሽ ገጠር ጤና ጣቢያ መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። እኔም በሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር ነጭ ጋዋኔን ለብሼ ጎጃም ደጋ ላይ የወጣሁት። መጀመሪያ የደረሰችኝ ምጥ የያዛት ሴት ላይ ጎንበስ ስል፣ አብረዋት የመጡት አሮጊቶች ተያዩና «ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» ብለው ሳቁብኝ። ያን ቀን ተናደድኩ። በኋላ ግን አልፈረድኩባቸውም፤ እኔ ደብተሩን ባውቅ እነሱ ከኔ ዕድሜ የበለጠ አራስ ሲጠብቁ ኖረዋል።

ከነሱ ሕግ አንዱን ያዢልኝ፤ አራስ ብቻዋን አትተውም። ለምን ብትያቸው ጋኔን ይለክፋታል ይሉሻል፤ ከራስጌዋም ቢላ ወይም ማጭድ ያኖራሉ። ስለ ጋኔኑ አትከራከሪ። አራስን ብቻዋን ጠብቆ የሚወስዳት ነገር እንዳለ ልክ ናቸው፤ ስሙ ደም መፍሰስ ነው።

ይህን ያወቅኩት በጥፋቴ ነው። ሌሊት ነበር፤ በፋኖስ። ወንድ ልጅ ተወለደ፣ ሰባት ጊዜ እልል ተባለ። ሕፃኑን መዘንኩ፣ ጠቀለልኩ፣ ለአያቱ ሰጠሁና መዝገቡ ላይ አቀረቀርኩ። እናቲቱ ጋቢዋን ተከናንባ ዝም ብላለች፤ ደክሟት ተኛች አልኩ። «ኧረ ሲስተር፣ ከንፈሯ አመድ መሰለ!» ያሉኝ አያቲቱ ናቸው። ጋቢውን ብገልጠው ፍራሹ ርሷል። ድምፅ የለው፣ ጩኸት የለው። ሆዷን ብዳስስ ማሕፀኗ እንደ ሊጥ ልል ነው። በመዳፌ እያሸሁ፣ ያን ጊዜ የነበረንን ኤርጎሜትሪን ወግቼ፣ ልጁን ጡቷ ላይ አድርጌ ስጠብቅ ከእጄ ሥር ቀስ እያለ ሲጠጥር ተሰማኝ። ተረፈች። እኔ ግን እስኪነጋ ከአጠገቧ አልተነሳሁም፤ ጉልበቴም ቢሆን አያስነሳኝም ነበር።

እልልታው ሲቀልጥ አንቺ አብረሽ አትቅለጪ። ሕፃኑ እንደወጣ ሌላ መንታ አለመኖሩን ዳስሰሽ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን ጭኗ ላይ ውጊያት። የእንግዴ ልጁን አትጎትቺ፤ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች። ማሕፀኑ ሲጠነክር ጠብቀሽ፣ በአንድ እጅሽ ከላይ ደግፈሽ በሌላው እትብቱን በልኩ ሳቢ። ሲወጣም አገላብጠሽ እዪው፤ ቁራጭ ከቀረ ደሙ አይቆምም። ከዚያ ወዲያ ለሁለት ሰዓት በየ15 ደቂቃው እጅሽ ሆዷ ላይ፣ ዓይንሽ ጨርቋ ላይ ይሁን። መዝገቡ የትም አይሄድም።

መድኃኒቱ ሙቀት አይወድም፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ እዚያ ስትደርሺ ከኃላፊው ሰላምታ ቀጥሎ የምታዪው ፍሪጁን ነው። ውስጡ የሠራተኛ ለስላሳ ካገኘሽ በሩ ቀኑን ሙሉ ሲከፈት ሲዘጋ ይውላል ማለት ነው። ጠርሙሱን አውጥተሽ ለባለቤቱ ስጪው፤ ቢያኮርፍ ያኩርፍ።

ደሞ በወሊድ መሞት የድኃ ጣጣ ብቻ አይምሰልሽ። ልዕልት ፀሐይ የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ነበረች፤ እንግሊዝ አገር ነርስነት ተምራ የተመረቀች። በ1934 ዓ.ም. ነቀምቴ ላይ በወሊድ ጠንቅ አረፈች። ዶክተር ሐምሊንና ባለቤታቸው በ1951 ዓ.ም. አዋላጅ ነርሶችን ሊያስተምሩ የመጡት በስሟ ወደተሠራው ሆስፒታል ነበር፤ እዚያ ፌስቱላ ያገኛቸውን ሴቶች አይተው በዚያው ቀሩ።

«ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ሲባል ሰምተሻል። ሁለተኛውን እኛ ቃል በቃል እናውቀዋለን፤ የሕፃኑ ጭንቅላት ብቅ ሲል እጅሽ ካልደገፈ እናቲቱ ትቀደዳለች። ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ይስቁ ነበር፤ መስፋቱ ላይ ሲደርሱ ነው ሳቁ የሚቆመው። አነጋገሩን ግን እንረሳዋለን። ምጥ ላይ ያለችን ሴት «ስታረግዢ እንዲህ ጮኸሽ ነበር?» የምትል ባልደረባ ታጋጥምሻለች። ያቺ ሴት ለሁለተኛው ልጇ አትመጣም፤ ጎረቤቷንም ታስቀራለች። አንቺ መጋረጃውን ሳቢ፣ ስሟን ጠይቂ፣ ምን ልታደርጊ እንደሆነ ከመንካትሽ በፊት ንገሪያት። ኮቹ ላይ በጀርባዬ አልተኛም፣ ልንበርከክ ብትልሽ ተንበርክካ ትውለድ፤ እናቶቿ እንዲያ ነው የወለዱት። አሮጊቶቹ «ማርያም ማርያም» ሲሉም ዝም በዪ አትበያቸው።

አሁን ወደ ሕፃኑ። በደረቅ ጨርቅ አጥብቀሽ አድርቂው፣ ራቁቱን እናቱ ደረት ላይ አስተኚው፣ ከላይ አልብሺው፣ ራሱን ሸፍኚው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይጥባ። ገላውን የሚታጠበው 24 ሰዓት ካለፈ ነው። ጦርነቱ የሚመጣው ከአያቲቱ ጋር ነው፤ ቅቤ ሊያልሱት በብልቃጥ ይዘው መጥተዋል፣ እንገሩንም «ቆሻሻ ነው» ብለው ሊያሳልቡ። በቁጣ አታሸንፊያቸውም። «እማማ፣ ላምዎ ስትወልድ ጥጃዋን እንገር ይከለክሏታል?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ገበሬ ናቸው፤ እንገር ያልጠባ ጥጃ እንደማይጸና ከኔም ካንቺም በላይ ያውቃሉ። ቅቤውንም አትጣዪባቸው፤ «ለእናቲቱ ገንፎ ይሁን» በያቸው። አንድም አያት በዚህ ስትቀየመኝ አላየሁም። እትብቱ ላይ ግን ቅቤም እበትም እንዳይነካ፣ እዚህ ላይ አትለሳለሺ።

24 ሰዓት ሳይሞላ አትሸኚያት። ቤቷም ከገባች በኋላ አልጨረሽም፤ በሦስተኛው ቀን፣ በሳምንቷ፣ በስድስተኛው ሳምንት ወይ አንቺ ወይ የጤና ኤክስቴንሽኗ ልታያት ይገባል። ራሴን ፈለጠኝ፣ ዓይኔን ጋረደኝ ካለች ደም ግፊቷን ለኪ፤ 140 በ90 ከደረሰ ዝም አይባልም። ይህ ሕመም ሲያንዘፈዝፋት ሰው ጸበል ነው የሚሮጥላት፣ ወልዳ ተገላግላለችና ሌላ ምን ይመጣል ብሎ። ጸበሉን አትንቀፊ፤ ማግኒዚየሙ ይቅደም በዪ። ትኩሳት፣ የሚሸት ፈሳሽ፣ ያለ ምክንያት ማልቀስ፣ ልጁን አለማየት፣ እነዚህንም ጠይቂ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፣ እሷ ግን የምትደብቀው ጠያቂ አጥታ ነው። ስትጠይቂያትም አማቷ ቡና እንዲያፈሉልሽ ላኪያቸው።

ይኸው ቡናውም ደረሰ። ያን የእንጨት ፌቶስኮፔን ከሣጥኑ አውጥቼልሻለሁ፤ ባትሪ አይፈልግም፣ መብራት ሲጠፋም አያፍርም። የፅንሱ ልብ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ይመታል፤ ሰዓትሽን አይተሽ ቁጠሪ፣ በግምት አትጻፊ። ነፍሰ ጡሯ ለምርመራ ስትመጣ ባልየው ውጪ ዛፍ ሥር ቆሞ ይጠብቃታል። ጥሪው። እሷ ከፈቀደች አንዱን ጫፍ ሆዷ ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ አድርጊለትና ዝም በዪ። አንዱ ሰውዬ ሰምቶ ሲያበቃ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ምጧ የመጣ ሌሊት ቃሬዛ ተሸክሞ በሩን ሲያንኳኳ ገና ዶሮ አልጮኸም ነበር።