ፎቶ መነሳትና ከቦታ መነሳት

አማርኛችን ክረምትን እንዴት እንደሚያየው ከግሱ ይታወቃል። ከረመ ማለት ቆየ፣ ባለበት ሆኖ ወቅቱን አሳለፈ ማለት ነው። ስንገናኝ «እንደምን ከረምክ?» የምንባባለው ዝናቡ፣ ጭቃውና ሙላቱ ለያይቶን እንደቆየ አድርገን ነው። እየዞሩ የሚገዙት የጥንት ነገሥታት እንኳ ክረምት ሲገባ አንድ ስፍራ መርጠው ሠራዊታቸውን ያከርሙ ነበር። ወንዝ በሞላበት ወቅት መንገድ የሚወጣ ሰው ወይ መርዶ ነጋሪ ነው፣ ወይ ቸግሮት ነው። በፈረንጅ አገር ግን ሐምሌና ነሐሴ በጋ ናቸው፤ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት፣ ሻንጣ የሚዘጋጅበት፣ ሰው ከቤቱ የሚወጣበት ጊዜ።

ይህን ማንሳቴ የእህቴ ልጅ የላከልኝ የጉዞ ዕቅድ ስላሳሰበኝ ነው። ልጁ ያደገው ውጭ አገር ነው። ሥራው ሌላ ቢሆንም ነፍሱ ያለችው ካሜራው ላይ ነው። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በክረምቱ መጥቶ ስሜን ተራሮች ላይ ስድስት ሌሊት በድንኳን ሊያድር አስቧል። መንገዱንም ቀን በቀን መድቦታል። ከአዲስ አበባ ተነስቶ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ ደጀን ይደርሳል። ከዚያም በየጥኖራ፣ በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር ይገባል። ይህን መንገድ የመረጠው የእናቱን አገር በዓይኑ ማየት ስለሚፈልግ ነው። ከዚያ ጎንደር፣ ከጎንደር ደባርቅ፣ ከደባርቅ ሳንቃ በር፣ ግጭ፣ ጭነቅ። የጥዋት ብርሃን በስንት ሰዓት ከየትኛው አፋፍ እንደሚገኝ ሳይቀር ጽፎታል።

ስለ ወቅቱ የመለስኩለት አጭር ነበር። በሐምሌ ስሜን ላይ የሚነሳው ፎቶ የጉም ፎቶ ነው። በረዶም ይጥላል፤ ድንኳኑም ከውስጥም ከውጭም ይርሳል። በየጥኖራና በቢቸና ሜዳ ደግሞ ያ ጥቁር መሬት ዝናብ ሲጠግብ የሰው እግር ይዞ አይለቅም፤ ገበሬውም የጤፍ ጊዜው ስለሆነ እንግዳ ለመቀበል ቀና የሚልበት ፋታ የለውም። አገሩን ማየት የሚፈልግ ዝናቡ ሲወጣ፣ ከመስከረም ማለቂያ እስከ ኅዳር ይምጣ። ሌላውን ደግሞ እሱም ያውቀዋል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ ጦርነት ነው፤ በዚህ መንገድ ላይ ሰው ለሽርሽር ሳይሆን ለሕክምናና ለሞት ብቻ የሚጓዝበት ጊዜ በርክቷል። ስለዚህ ዕቅዱ ሰላም ሲሆን እንዲሆን በቶሎ ተስማማን።

ስለ ድንኳኑም አንድ ነገር ጻፍኩለት፤ ቀልድ መስሎት ነበር። እኛ ዘንድ ድንኳን የሚተከለው ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ነው። ከዚህ ሌላ ወታደር ይተክላል፤ የተፈናቀለ ይጠለልበታል። ከጎንደር ወደ ደባርቅ ሲኬድ ዳባት ላይ በዓለምዋጭ ለኤርትራ ስደተኞች መጠለያ ተዘጋጅቷል። እንግዲህ ያን አልፎ ሄዶ ለደስታው ብሎ ብርድ ላይ ድንኳን የሚተክል ጎልማሳ ለአገሩ ሰው እንቆቅልሽ ነው። ኃጢአት ነው አላልኩም። እንቆቅልሽ ነው።

ከዕቅዱ ጋር ለአብነት ያያያዛቸው ሌሎች ሰዎች ያነሷቸው ፎቶዎች ግን ሌላ ሐሳብ ውስጥ ከተቱኝ። በተለይ አንደኛው የግጭ ሜዳ ነው። ጓሳ ሣር እስከ ገደሉ ጫፍ ተነጥፏል፤ ጅባራው እዚህና እዚያ ቆሟል፤ ጭላዳዎቹ ፀሐይ እየሞቁ ሣር ይነጫሉ። ያምራል፤ መቼም ይህን የሚክድ ዓይን የለውም። በፎቶው ውስጥ አንድም ሰው የለም። ልጁም ከሥሩ «ንጹሕ፣ ሰው ያልነካው» ብሎ ጽፎበታል።

ሰው ግን ነክቶታል። ግጭ የገበሬዎች መንደር ነበር። ገብስ ይዘሩበት፣ በግና ከብት ያሰማሩበት ነበር። ፓርኩ በትእዛዝ የተከለለው በ1962 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ሰዎቹ እዚያው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ስሜን ከላሊበላ ጋር አብሮ ገባ። በዚያው ሰሞን ደርግ በፓርኩ ሰሜናዊ ግርጌ የነበሩ መንደሮችን በግድ አስነሳ። እ.ኤ.አ. በ1996 ቦታው በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ሲገባ ከምክንያቶቹ መካከል የዋልያ መመናመን፣ የሰውና የከብት መብዛት ይገኙበት ነበር። በ2008 ዓ.ም. የግጭ ነዋሪዎች ካሣ ተከፍሏቸው ወደ ደባርቅ ከተማ ዳር እንዲሰፍሩ ተደረገ። በዓመቱ፣ በ2009፣ ስሜን ከአደጋው ዝርዝር ወጣ። ልጁ ንጹሕ ያለው ሜዳ እንግዲህ የጸዳ ሜዳ ነው። ሁለቱን ቃላት አንድ አድርጎ ማየት ቀላል ነው፤ ልዩነታቸውን የሚያውቀው የጸዳው ሰው ነው።

እዚህ ላይ ቋንቋችን አንድ የሚገርም ነገር አለው። ፎቶግራፍ የሚቀረጽለትን ሰው «ፎቶ ተነሳ» እንላለን። መሬቱን ለግድብ፣ ለፋብሪካ ወይም ለፓርክ የለቀቀውንም «ተነሳ» እንለዋለን፤ በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ «የልማት ተነሺ» ይባላል። ሰው ሆን ብሎ ያገጣጠመው አይመስለኝም። ቢሆንም ግሱን በሁለቱም አገባቡ ስሰማው አንድ ጥያቄ ያጭርብኛል፦ አንድን ቦታ ለዓይን እንዲመች አድርጎ ማሰናዳት፣ ከዚያም የሚኖርበትን ሰው እንደ ዕቃ ማንሳት፣ እነዚህ ሁለት ሥራዎች ምን ያህል ይራራቃሉ?

ብዙ አይራራቁም ባይ ነኝ። ፓርክና ካሜራ አብረው ያደጉ ነገሮች ናቸው። ካሊፎርኒያ ውስጥ የዮሰሚቲ ሸለቆ ነባር ሕዝብ በ1850ዎቹ መጀመሪያ በታጠቁ ሰዎች ከሸለቆው ተባረረ። ካርልተን ዋትኪንስ የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ ትላልቅ መስታወቶቹን በበቅሎ ጭኖ ወደዚያ የወጣው በ1861 ነው። የእሱ ሥዕሎች ምሥራቁ ድረስ ዝናን አተረፉ፤ በ1864 ሊንከን ሸለቆው ለሕዝብ መጎብኛ እንዲጠበቅ የሚያዘውን ሕግ ፈረመ። ዋትኪንስ ማንንም አላባረረም። የሠራው ነገር ቢኖር ባዶውን ቦታ ድንቅ አድርጎ ማሳየት ነው። ከዚያ በኋላ ባዶነት የውበት መለኪያ ሆነ፤ መለኪያውም ተጉዞ እኛ ዘንድ ደረሰ።

የእህቴ ልጅ በመንገዱ ላይ ለየጥኖራ የመደበላት ጊዜ ግማሽ ሰዓት ናት፤ ቡና ለመጠጣትና መኪና ለማሳረፍ። እኔ ግን ስለ ስሜን ሳስብ ወደ የጥኖራ እመለሳለሁ። የጥኖራም በዘመኗ ለመታየት የተዘጋጀች ቦታ ነበረች። በደርግ ጊዜ የየጥኖራ የገበሬዎች አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበር በአርአያነት ከሚጠቀሱት ግንባር ቀደሙ ነበር። መሬቱ፣ በሬውና ሥራው በአንድ ላይ ሆኖ ገበሬው በሥራ ነጥቡ ይከፈለው ነበር። እንግዳ እየመጣ ይጎበኘዋል፤ ፎቶ ይነሳል፤ ነገም ሁሉም ገጠር ይህን ይመስላል ይባላል።

ፎቶው ውሸት ነበር ማለት አይቻልም። ማሳው ማሳ ነበር፤ ምርቱም ምርት ነበር፤ አንዳንዱ ሥራ ከጎረቤት መንደር የተሻለ እንደነበር የሚመሰክሩ አሉ። ፎቶው ሊያሳየው ያልቻለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፈቃድን። ሰዎቹ ወደው ነው የቆሙት ወይስ ቁሙ ስለተባሉ? ይህ በፊታቸው ላይ አይነበብም። መልሱ የታወቀው በ1982 ዓ.ም. የካቲት መንግሥት የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲውን ካወጀና የፈለገ መውጣት ይችላል ከተባለ በኋላ ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ በመላው አገሪቱ ማኅበራቱ ፈረሱ፤ የጥኖራም ከፈረሱት አንዷ ሆነች። ገበሬው መሬቱንና በሬውን ተካፍሎ ወደየቤቱ ገባ። አንድ የዘመድ ሽማግሌ ያንን ጊዜ ሲያስታውሱ የነገሩኝ ከአእምሮዬ አይጠፋም። «ያየን ሰው ብዙ ነው ልጄ። የጠየቀን ግን የለም» ነበር ያሉኝ። ቅሬታ አልነበረበትም፤ የዝናብ መጠን እንደሚናገር ሰው ነው የተናገሩት።

ስለዚህ በኔ አመለካከት በሰው የተሞላው የየጥኖራ ፎቶና ሰው የሌለበት የግጭ ፎቶ ወንድማማች ናቸው። በአንደኛው ሰው ለእንግዳ ዓይን እንዲቆም ተደርጓል፤ በሌላው ለእንግዳ ዓይን እንዲነሳ። የቆመውም የተነሳውም ገበሬ ነው፤ የሚያየው ግን ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው።

ዋልያውስ? የሚለኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ፤ ጥያቄውም ከባድ ነው። ዋልያ በዓለም ላይ ከስሜን በቀር መኖሪያ የለውም። ፓርኩ ሲከለል ጥቂት ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ጥበቃው ሲጠናከር ከ700 በላይ ደርሷል፤ ከቅርብ ዓመታት ጦርነት ወዲህ ደግሞ እንደገና ወርዷል። ገደሉ ጫፍ ድረስ ታርሶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስለ ዋልያ የምናወራው እንደ ተረት ነበር። አንድ ዘር ከምድር ከሚጠፋ አንድ መንደር ቢዛወር ይሻላል የሚል ሰው ክፉ ሰው አይደለም። እኔም የዋልያን መኖር እንደ ቀላል አላየውም። ነገር ግን ሚዛኑ ለሁሉም አንድ መሆኑን እጠራጠራለሁ። ጊዮም ብላን የተባለ ፈረንሳዊ የታሪክ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ ስሜንን ከአገሩ ከሴቬን ተራሮች ጋር አስተያይቷል። ሴቬን እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የተመዘገበው እረኛውና ገበሬው ለዘመናት ስለኖሩበት፣ ያን አኗኗር ስላቆዩ ነው። በፈረንሳይ በግ የሚያግድ ሰው ቅርስ ሲሆን፣ በስሜን በግ የሚያግድ ሰው አደጋ ሆነ። ደግሞም ግጭ ከተለቀቀ በኋላ የመጣው ጦርነት ዋልያውን ሲያሳድደው በሜዳው ላይ የሚያርስ ገበሬ አልነበረም።

ይህን ሁሉ ጽፌ ብልከው ልጁ ዝም አላለም፤ ዝም ባለማለቱም ደስ ብሎኛል። «ጋሼ» አለኝ በመልሱ፣ «ታዲያ ባልሄድ ማን ይጠቀማል? ደባርቅ ያለው አስጎብኚ፣ ስካውቱ፣ ባለ በቅሎው፣ ወጥ ሠሪው የሚበሉት እኔ ስሄድ ነው። በኮሮና ጊዜ እንግዳ ቀረ፤ ከዚያ ጦርነት መጣ፤ ከዚያ ሌላ ጦርነት። አንተ ቤትህ ቁጭ ብለህ ሕሊናህን ስትጠብቅ እነሱ በቅሎአቸውን ይሸጣሉ።» እውነቱን ነው። አለመሄድ በራሱ ጽድቅ አይደለም። እንዲያውም ከሩቅ ሆኖ ማዘን ከሁሉ የሚረክሰው የርኅራኄ ዓይነት ይመስለኛል፤ ወጪ የለውም።

ስለዚህ ይሂድ እላለሁ። ድንኳኑንም ይትከል፤ ጭላዳውንም ያንሳ። የምለው ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። በዕቅዱ ደባርቅ የተጻፈችው የፓርኩ መግቢያ ክፍያ የሚፈጸምባትና ስንቅ የሚገዛባት ሆና ነው። እኔ ግን ከተራራው በፊት አንድ ሙሉ ቀን ደባርቅ ይዋል፣ ከግጭ የመጡት ሰዎች ካሉበት ሰፈር ይሂድ፣ ካሜራውን ቦርሳው ውስጥ ትቶ ቡና ይጠጣ ብዬዋለሁ። ከገብስ ማሳ ወደ ከተማ ዳር የወረደ ሰው ካሣው ሲያልቅ ምን እየሠራ እንደሚበላ፣ ልጆቹ የት እንዳሉ፣ ማሳው ላይ አሁን ምን እንደበቀለ ሊጠይቀው የሚችል እነሱ ናቸው። እሱ አገሩን ከወጣ በኋላ አይቶት ያውቃል፤ እነሱ አላዩትም ይሆናል። ከፈቀዱ ሲመለስ የሜዳውን ፎቶ አትሞ ይውሰድላቸው። ለየጥኖራም ግማሽ ሰዓቷን ወደ ግማሽ ቀን ያሳድግላት፤ ሽማግሌው በሕይወት አሉ፤ ያን ጊዜ ያልተጠየቁትን ይጠይቃቸው።

በዚህ ላይም ተቃውሞ አለው፤ ይህኛውን ግን አልጠበቅኩትም። «ሰዎቹ ጥያቄ ሰልችቷቸው ቢሆንስ?» ይላል። «አጥኚ መጥቶ ጠይቋቸዋል፣ ጋዜጠኛ ጠይቋቸዋል፣ የመንግሥት ሰው ጠይቋቸዋል። አሁን ደግሞ እኔ ካሜራዬን ደብቄ ልጠይቃቸው? ምን ልበላቸው ጋሼ፤ የተነሳችሁበት ቦታ ነገ ማለዳ በጣም ያምራል ብለውኛልና ልሄድ ነው ልበላቸው?»

ደብዳቤው ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆነው። እስካሁን መልስ አልጻፍኩለትም። የደባርቋን ቀን ግን ከዕቅዱ አልሰረዛትም።