አደራና የተከራየ ሰርቨር

በደሴ ፒያሳ ጨርቅ የሚሸጥ ወይም በኮምቦልቻ የመኪና መለዋወጫ የሚነግድ ሰው ድረ ገጽ ሲያስከፍት በቅድሚያ የሚጠይቀው ስለ ዋጋና ፍጥነት ነው። ሰርቨሩን ከኢትዮ ቴሌኮም ይከራይ፣ ከአውሮፓ ኩባንያ ይከራይ ወይስ ከሱቁ ጓዳ አንድ ኮምፒውተር ያቁም? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ከሥሩ ሌላ ጥያቄ አለ። ደንበኛው ስሙን፣ ስልኩን፣ ሰፈሩንና የገዛውን ዕቃ ሲያስመዘግብ አደራ ሰጥቷል። ነጋዴው ያንን አደራ ደንበኛው በማያውቀው ሰው ማሽን ላይ ሲያኖር ኃላፊነቱም አብሮ ይሄዳል? አይሄድም ባይ ነኝ። የማስቀመጡ ሥራ ለሌላ ሊሰጥ ይችላል፤ ተጠያቂነቱ ግን ከተቀበለው ሰው ላይ አይወርድም።

ወሎ ውስጥ ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ አያስኬድም። ነቢዩ ሙሐመድ ከመካ ወደ መዲና ሲሰደዱ በእጃቸው የነበረውን የሰው ንብረት እንዲመልስ ዐሊን ወደ ኋላ ማስቀረታቸውን ሲራው፣ የሕይወት ታሪካቸው፣ ይተርካል። መላሹ ዐሊ ቢሆንም አደራው የነቢዩ ነበር፤ ላመኑት ሰው መስጠታቸውም ለዚሁ ነው። የሐነፊ መዝሀብ የእስልምና ሕግ ሊቃውንት ደግሞ ነገሩን ወደ ሕግ አውርደውታል፦ አደራ ተቀባይ ንብረቱን ራሱ ወይም ቤተሰቡ ይጠብቀዋል፣ ያለ ፈቃድ ለባዕድ ከሰጠው ይከፍላል፤ ቤቱ በእሳት ተያይዞ ለጎረቤት ቢያወጣው ግን አይጠየቅም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 መክሊቱን መሬት የቀበረው አገልጋይ የተቀበለውን ሳያጎድል ቢመልስም ተወቅሷል። ደብቆ መያዝ ብቻውን ጥበቃ አለመሆኑን ሁለቱም ትምህርቶች ያውቃሉ።

እንደ እሳቱ ያለ ድንገተኛ አደጋ እዚህ አካባቢ የመጽሐፍ ምሳሌ ብቻ አይደለም። ከጥቅምት ማገባደጃ እስከ ኅዳር ማገባደጃ 2014 ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ በነበሩበት ጊዜ የደሴ ሆስፒታልና በኮምቦልቻ የዓለም ምግብ ፕሮግራም መጋዘን ተዘርፈዋል። እነዚህ ካልተረፉ የሱቅ ጓዳ ኮምፒውተር ይተርፋል ማለት ይከብዳል። ስለዚህ «ከዓይኔ ሥር ይሁን» የሚለው አሳብ ቅን ቢሆንም አያሳምነኝም። ሩቁም ቢሆን ከአደጋ ነፃ አይደለም፤ መጋቢት 2013 በፈረንሳይ ስትራስቡርግ የኦቪኤች የመረጃ ማዕከል ሲቃጠል ሌላ ቦታ ቅጂ ያላኖሩ ደንበኞች መረጃቸውን አጥተዋል። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ ሩቅ ያለ ሰርቨር ሥራውን ቢቀጥልም ባለቤቱ በስልኩ ሊደርስበት አይችልም ነበር። አንድ ቅጂ ሩቅ፣ አንዱ በይለፍ ቃል ተቆልፎ ቅርብ ማኖር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ያም ቅጂ በርግጥ የሚከፈት መሆኑ አልፎ አልፎ ይሞከር።

«ስልክ ቁጥርና የአንድ ጋቢ ትእዛዝ ምን አደራ ይባላል?» የሚል ይኖራል። የአደራ ክብደት የሚለካው በሰጪው እንጂ በተቀባዩ አይደለም። ጦርነት ባለፈበት ከተማ ስምና ሰፈር የተጻፈበት ዝርዝር ማን ከየት እንደሆነ፣ ምን እንደሚያምን፣ የት እንደሚገኝ ይናገራል። በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም መረጃውን ለራሱ ዓላማ የሚሰበስበውንና በእርሱ ስም የሚያስቀምጠውን ለይቶ ያያል። ሌላው ተቃውሞ የገንዘብ ነው፤ ትንሽ ሱቅ ይህን ሁሉ ከየት ያመጣል? ከላይ የተነሳው የእስልምና ሕግም ቢሆን ከአቅም በላይ አይጠይቅም፤ ሳያጠፋ የጠፋበትን ሰው አያስከፍልም። ደግሞም ከባዱ ወጪ የብር አይደለም። እንደ ሊኑክስና ኢንጂንኤክስ ያሉ የሰርቨር ፕሮግራሞችና የሌትስ ኢንክሪፕት የደኅንነት ሰርተፍኬት በነፃ ይገኛሉ። የሰርቨሩን የማያስፈልጉ በሮች (ፖርቶች) መዝጋት፣ ማሻሻያዎችን በወቅቱ መጫን፣ የጎብኚዎችን አድራሻ የሚመዘግበውን ሎግ ጊዜ ወስኖ ማጥፋት የሚጠይቁት ትጋት ነው። ያልተሰበሰበ መረጃ ደግሞ ጠባቂ አያሻውም፤ ለጋቢ ሽያጭ የልደት ቀን መጠየቅን ምን አመጣው?

እኔን የሚያሳስበኝ ከእነዚህ ይልቅ ሰው ብዙም የማያነሳው ነገር ነው። የውጭ ሰርቨር ኪራይ በውጭ ምንዛሪ ስለሚከፈል ሂሳቡን ብዙ ጊዜ ውጭ ያለ ዘመድ በራሱ ካርድና በራሱ ኢሜይል ይከፍተዋል፤ ዋናውን የይለፍ ቃል ደግሞ ሥራውን የሠራው ቴክኒሻን ይይዛል። ዘመዱ ካርዱን ሲቀይር ወይም ቴክኒሻኑ አዲስ አበባ ሲገባ ነጋዴው በገዛ ሱቁ ላይ ባዳ ይሆናል። ደንበኛው መረጃዬን አጥፉልኝ ቢለው እንኳ ማድረግ አይችልም። ዘመድ ይክፈል፤ የሂሳቡ ኢሜይልና ዋናው የይለፍ ቃል ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በነጋዴው ስም ይሁኑ፤ ቴክኒሻኑም ሲሰናበት ሊዘጋ የሚችል የራሱ መግቢያ ይሰጠው።